ጮቄ የትም አልሄደም

ዓለሜ፣

እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ብትመልስልኝ ኖሮ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ መጣሁ» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀርህ ነበር። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እህትህ እትዬ የዝና ለሙት ዓመትህ ጌሾ አስወቅጣ ጨርሳለች፤ ድንኳኑንም ከዕድሩ ተነጋግራ ይዛለች። እኔ ደግሞ ይኸው ከሌን እንደለበስኩ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። የምጽፍልህ ልቅሶ አይምሰልህ። ተናድጄብሃለሁ። ዓመት ሙሉ የመጣው ሰው ሁሉ ጽናቱን ይስጥሽ አለኝ እንጂ ተናደሽ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ስለዚህ ለራስህ ልነግርህ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው በክረምቱ አፍስሶ ነበር፣ አስጠገንኩት። ልጃችን ብርቱካን በቁመት በልጣኛለች፤ በር ላይ ስትቆም እንዳንተ አንድ ትከሻዋን መቃኑ ላይ ጥላ ነው የምትቆመው፤ አንዳንዴ ከገበያ ስመለስ ሳያት እደነግጣለሁ። ትንሹ ናሆም ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አዲሶቹ ወጥተዋል። የምትነዳውን ሚኒባስ ባለቤቱ ለሌላ ሹፌር ሰጠው። እኔ የሰፋሁት የወንበር ልብስ አሁንም አለ። መኪናው በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ናሆም ጨዋታውን አቋርጦ እስኪታጠፍ ድረስ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህንን ማየት የነበረብህ አንተ ነህ።

ከደብረ ማርቆስ ተነስተህ እንግዳ ይዘህ ያልወጣህበት ተራራ፣ ያልወረድክበት ቆላ አልነበረም። የጮቄን ተራራ ያሳየኸው ሰው ብዛቱ! የአባይን በረሃ፣ የደብረ ኤልያስን ገዳማት፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን የንጉሡን ቤተ መንግሥት ሳይቀር ስንቱን ይዘህ ዞርክ። ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ፣ ከውጭ የመጣ ሽማግሌ፣ ሙሽሮች፣ የተማሪ መንጋ። ማታ እራት ላይ ትነግረን ነበር። ረጅሙ የጅባራ ተክል ጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ንፋሱ የጓሳውን ሣር ሲያስተኛው፣ ፈረሶቹ በብርዱ አፋቸው ሲጨስ። ልጆቹ ጉርሻቸውን ይዘው ይረሱት ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ለእንግዶችህ የምታደርገውን እኛም ላይ ልትሞክረው አማረህ። አፋፉ ጋ ሳይደርሱ ዓይናቸውን ታስጨፍናቸው ነበር አይደል፣ ድንገት ገልጠው ገደሉን እንዲያዩት? ሦስታችንንም ዓይናችንን አስጨፍነህ፣ እጅ ለእጅ አያይዘህ በግቢያችን መራኸን። ቀስ በሉ፣ ድንጋይ አለ፣ ንፋሱ ተሰማችሁ፣ አሁን ግለጡ አልከን። ገለጥን። የጎረቤታችን የዶሮ ቤትና የተሰጣ አንሶላ ነበር። ናሆም እስኪያንቀው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽህም። አሁን ሳስበው ግን ደሜ ይፈላል። ለሰው ገደሉን፣ ለእኛ የዶሮ ቤቱን።

ናሆም ጨሞጋን በተሻገርን ቁጥር ይህ ወንዝ ከየት ነው የሚመጣው ይልህ ነበር። ከጮቄ፣ መነሻውን አሳይሃለሁ፣ በእጅህ የምትሸፍነው ምንጭ ነው አልከው። ልጁ ይህንን ያዘ። ከፋሲካ በኋላ አልከው። ፋሲካ አለፈ። ክረምቱ ይውጣ፣ መስቀል ይለፍ፣ እነዚህ እንግዶች ይመለሱ፣ መንገዱ ይከፈት፣ መኪናው ከጋራዥ ይውጣ። እኔ ስነዘንዝህ ደግሞ አንድ መልስ ነበረህ። «ምን አስቸኮለሽ፣ ጮቄ እንደሆነ የትም አይሄድም።»

እነዚያን ብርጭቆዎች ታስታውሳለህ? አፋቸው ወርቃማ የሆኑትን፣ ከአዲስ አበባ በጋዜጣ ጠቅልለህ ያመጣሃቸውን? ቡፌው ውስጥ ደርድረህ ቆለፍክባቸው። ለእንግዳ ነው አልክ። በየቤቱ እንደዚያ ነው፣ አውቃለሁ፤ እናቴም ቤት ደህናው ዕቃ ለእንግዳ፣ የተሸረፈው ለእኛ ነበር። ልጆችህ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ እየጠጡ በመስታወቱ አሻግረው እያዩዋቸው አደጉ። ብርቱካን አንዴ ስትነካቸው ተቆጥተሃት አልቅሳለች። እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር እንጂ አገሩንም ቡፌ ውስጥ ነው የቆለፍክብን።

ሕመምህም እንደዚያው። መሪውን ይዘህ በሌላ እጅህ ጎንህን ስትጫን አይቻለሁ። ሌሊት ስትገላበጥ ሰምቻለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ እነዚህን ልሸኝና አልከኝ። እነሱን ሸኘህ፣ ሌሎች መጡ። ስጮህብህ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሆስፒታሉ የትም አይሄድም።» እየሳቅህ! መጨረሻ ላይ ተሸክመን ስናደርስህ ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። ዘግይታችኋል! እኔንም ጨምሮ ነው እኮ። ያቺን ቃል ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ይዣት ዞሬያለሁ፤ አሁን ተቀበለኝ፣ ያንተ ናት።

ስትሞት ደግሞ ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶ አጣን። ይህን ሁሉ ፎቶ ተነስተህ! ሁሉም ላይ ከእንግዳ ጋር ነህ። አንዱ አቅፎህ፣ ሌላው ባርኔጣውን አድርጎልህ። ከእኛ ጋር ከናሆም ክርስትና ወዲህ የተነሳኸው የለም፤ እሱም ላይ ዓይንህን ጨፍነሃል። ፎቶ ቤቱ ጮቄ ላይ የተነሳኸውን ወስዶ እንግዶቹን ቆርጦ አወጣቸውና አንተን ብቻ አስቀረ። ግን የአንዱ እጅ ትከሻህ ላይ ቀረ። ቢቆርጠው ትከሻህም ሊሄድ ሆነ። ድንኳን ሙሉ ሕዝብ ፊት ያ እጅ አቅፎህ አለቀስኩልህ። ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል፤ ቀለበት ያለው ነጭ እጅ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው።

እንግዲህ እትዬ የዝና ለሙት ዓመቱ ፎቶው በትልቁ ይታጠብ፣ ካናቴራ ላይም ይታተም አለች። ናሆም ይህንን ሲሰማ ፎቶው ሥር ሄዶ ቆመና «አባባን የያዘው እጅ የማን ነው?» አለኝ። የእንግዳ ነው አልኩት። «የእኛ ለምን አልሆነም?» አለ። መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው፣ አንተ ደግሞ የለህም። የሚመጣው ቅዳሜ ጮቄ እንደምንሄድ ያኔውኑ ነገርኳቸው።

እህትህ ስትሰማ ያለችውን ብነግርህ! ሙት ዓመቱ ሳይወጣ፣ በከልሽ፣ ልጆች ይዘሽ ሽርሽር? አገር ምን ይላል? አንቺ ሴት ተይ፣ ወንድሜን አታሰድቢው። እኔም መለስኩላት፤ ወንድምሽ ቀጥሮን ነበር፣ ቀጠሮው ላይ አልመጣም፣ እኛ እንሄዳለን አልኳት። ተነስታ ወጣች። እስከ ማክሰኞ አላናገረችኝም።

ዓርብ ማታ ቡፌውን ከፈትኩት። ብርጭቆዎቹን አወጣሁና በነጠላ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ ከዳቦውና ከቅቅሉ ድንች ጋር አስቀመጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ሮብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ የሚሄድ መኪና ተሳፈርን። ከሮብ ገበያ በላይ ለናሆም ፈረስ ተከራየሁለት፣ እኔና ብርቱካን በእግራችን። የገብሱ ማሳ እየቀረ ሄደ፣ ድንጋዩና ጓሳው መጣ፣ ከዚያ በጭጋጉ ውስጥ ጅባራው ቆሞ አየነው። ዓለሜ፣ የነገርከን ሁሉ እውነት ነው። አንዱንም አልጨመርክበትም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ምንም አልቀረብንም ብዬ እመለስ ነበር።

አንዲት የሣር ቤት ጋ ስንደርስ ብርቱካን ደክሟት አጥሩ ላይ ትከሻዋን ጥላ ቆመች። ከቤቱ አንዲት ሴት ወጣችና እሷን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኧረ በስማም! የዓለምነው ልጅ አይደለሽም?» ወይዘሮ አንጓች ትባላለች፤ እንግዶችህን የምታሳርፍበት ቤት ነው ለካ። ብርቱካንን በስሟ ጠራቻት። ናሆምን በስሙ ጠራችው፣ ጨሞጋን እንደሚጠይቅ ሳይቀር ታውቃለች። እኔን ስታይ ግን ሮጣ ወደ ውስጥ ገባችና ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ይዛ ወጥታ እስከ አፍንጫዬ ጠቀለለችኝ። «እናቴ፣ በዚህ ደረትሽ እንዴት ደፍረሽ ወጣሽ? በሞቴ ግቢ፣ እሳት አለ።»

የምን ደረት?

ለካስ ቤተሰብህን ለምን አታመጣም ሲሉህ፣ ባለቤቴ ደረቷን ያማታል፣ ብርድ አይስማማትም ትላቸው ኖሯል! ለሰው ሁሉ። ለፈረስ አከራዮቹ፣ ለጥበቃዎቹ፣ ለዚህች ደግ ሴት። ይህን ያህል ዓመት ስታዝንልኝ ኖራለች። በየሰንበቴው በጸሎት ታስበኝ ነበር። እኔ! በሐምሌ ጨሞጋ ወርጄ ብርድ ልብስ የማጥበው፣ ካገባኸኝ ጀምሮ ጉንፋን ይዞኝ ያልተኛሁት። ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፍፌ ጤነኛ ነኝ አልኳት። አላመነችኝም። የታመመ ሰው እንደዚህ ነው የሚለው ብላ መልሳ ጠቀለለችኝ።

ለምን እንዲህ አልክ? ጊዜ የለኝም ማለት አሳፍሮህ ነው? ለአንተ ሥራ ስለሆነ በዕረፍትህ ቀን ተራራውን ማየት ታክቶህ ነው? ያንንም ብትነግረኝ እኮ እረዳህ ነበር። ወይዘሮ አንጓች ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። የጨሞጋን ምንጭ ለእንግዳ አሳይተህ አታውቅም ነበር አለችኝ። ሲጠይቁህ በሌላ መንገድ ታዞራቸው ነበር። ይህ የልጆቼ ነው፣ እነሱ ሳያዩት ለማንም አላሳይም ትላት ነበር። ይህንን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እኔም የማለቅስ መስሏት ነበር። እኔ ግን በጣም የተናደድኩት ያኔ ነው። ለእኛም ያስቀመጥክልን ነበረህ ማለት ነው። አስቀመጥከው፣ አስቀመጥከው፣ ሳታወጣው ሄድክ። ጮቄ የትም አልሄደም፣ ልክ ነህ። የሄድከው አንተ ነህ።

ምንጩን ያሳየችን እሷ ናት። ድንጋይ ሥር ነው፣ እንዳልከው በእጅ ይሸፈናል። ናሆም ተንበርክኮ በሁለት መዳፉ ሸፈነውና ውሃው በጣቶቹ መሃል ሲወጣ አየው። ሱሪው ጭቃ ሆነ። ከዚያ ቀና ብሎ «አሁን ማርቆስ ያለው ውሃ ቆሟል?» አለኝ። ብርቱካን ሳቀች፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። እኔም ትከሻዋን ያዝኳት። ወይዘሮ አንጓች በስልኬ ፎቶ አነሳችን፤ ጣቷ ጥግ ላይ ገብቷል፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ፊቴን አኮሳትሬያለሁ። ያ ፎቶ ነው አሁን ካንተ አጠገብ የሚሰቀለው፣ እጁ ባለበት በኩል። እትዬ የዝና የፈለገችውን ትበል።

አልረሳህም። ልረሳህ ብልስ በየት በኩል? ሙት ዓመትህን እናወጣለን፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ጠላው ይጠጣል፣ ከሌንም አወልቃለሁ። ንዴቴን ግን አላወልቅም፤ እሱ እኔ ጋ ይቆያል፣ አንተን የማስብበት አንዱ መንገድ ነው። በየዓመቱ ልጆቹን ይዤ እዚያ እወጣለሁ። ዓይናቸውን እያስጨፈንኩ አፋፉ ድረስ እመራቸዋለሁ፤ ካንተ የተማርኩት መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ብርጭቆዎቹም ከዚያ ቀን ወዲህ ቡፌ አልገቡም፤ ልጆችህ ጠዋት ጠዋት ሻይ ይጠጡባቸዋል። አንዱ አፉ ተሸርፏል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ምንጩ ጋ ነጠላውን ስፈታ አራት ብርጭቆ ሆኖ አገኘሁት። ዓርብ ማታ እጄ እንደ ልማዱ ነው ያወጣው። ልጆቹ አራተኛውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ለብርቱካን ቀዳሁ፣ ለናሆም ቀዳሁ፣ ለራሴ ቀዳሁ። ያንተንም ሞላሁትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ጭጋጉ እስኪያልፍ ጠበቅንህ። አልመጣህም። ስለዚህ አንስቼ ያንተንም እኔው ጠጣሁት፣ አንድ ጠብታ ሳላስቀር። እንደ በረዶ ነው። ብርዱ ተስማማኝ።