የእማማ ግለጡት የሕይወት ታሪክ

እማማ ግለጡት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሚያዝያ 4 ቀን 1944 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ይህን ስም ያወጡላቸው ወላጆቻቸው ሳይሆኑ ተማሪዎቻቸው ናቸው።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲሞቱ ለታናናሾቻቸው ሲሉ አቋረጡ። በ1962 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት ተቀጥረው ለሠላሳ ሰባት ዓመታት ቀለም ተቆጣጣሪ ሆኑ። ቀዩ ከልኩ ትንሽ ከደመቀ ማሽን ያስቆሙ ስለነበር ባልደረቦቻቸው ሲያዩዋቸው "መጡ ደግሞ" ይሉ ነበር። በ1967 ከሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ወለዱ። ባለቤታቸውን በ1990 በመኪና አደጋ ካጡ በኋላ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ጠብ እርግፍ ብለው አሳደጉ።

በ1999 ጡረታ ሲወጡ አርፈው የሚቀመጡ የመሰለው ሁሉ ተሳሳተ። በኅትመት የተበላሹ የቀን መቁጠሪያ ሥዕሎችን ሰብስበው፣ በየረቡዑ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሥዕል ማየትን በነጻ ያስተምሩ ጀመር። ሥዕሉን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ይሰቅላሉ፤ "ግለጡት" ሲሉ ይገለጣል፤ ሦስት ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከዚያ "ምን ይታያችኋል?" ይላሉ። "ያምራል" ያለ ልጅ ቁጭ ይላል። ያምራል ማለት ላላየ ሰው ነው ይሉ ነበር።

በ2011 ዓይናቸው ይፈዝ ጀመር። ከታወቀ ክፍል እንደማያስገቧቸው ስለገባቸው ከሁሉም ደበቁ። አንድ ረቡዕ ሥዕሉን ዘቅዝቀው ሰቀሉት። ልጆቹ አልሳቁም። አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ ተነሥታ አቃናችው። ከዚያን ቀን ወዲህ በተራ እያቃኑ፣ ሲጠየቁም ጥጉን ሳይቀር እየዘረዘሩ፣ ክፍሉን ያለፉትም ለተተኪዎቻቸው እየነገሩ፣ ሁለት ዓመት ምስጢራቸውን ጠበቁላቸው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታላቅ ልጃቸው በ2013 እናቱ መንገድ ሲሻገሩ ከመኪና ለጥቂት ሲተርፉ አየ። የአባቱ ነገር መጣበትና፣ ደግ ያደረገ መስሎት የዓይናቸውን መፍዘዝ ለርእሰ መምህሩ ነገረ። ትምህርት ቤቱም በምስጋና ደብዳቤ አሰናበታቸው። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይኸው ነው። እሳቸው ግን አልወቀሱትም፤ "አንተ ምን ታደርግ" ብቻ አሉት። ልጆቹ ረቡዕ ረቡዕ በር ሲያንኳኩ "ይደክማቸዋል" እያለ የመለሳቸውም እሱ ነው። እማማ ከቤት መውጣት ተዉ፤ ምግብም አስጠላቸው።

በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብተው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ልጃቸውን "ምን ይታይሃል?" አሉት። እሱም "ያምራል፣ እማዬ" አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

በመስኮቱ የሚታየው ይህ ነበር፤ ዝናብ ያራሰው ግራጫ ግንብ፣ የተደገፈ መሰላል፣ ሽቦ ላይ የተሰጣ ቢጫ ሸሚዝ፣ አንዱ እጅጌው ተጠምዝዞ፣ ሌላው ውኃ እያንጠባጠበ። እማዬ፣ ይኸው መልሱ። የዓይንዎን ብርሃን የወሰደ አምላክ የራሱን ብርሃን ይግለጥልዎ።