«ደህና ነኝ» ስለተባለለት የእናቴ ትከሻ

ለተከበሩ የአጥንት ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ዶክተር፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ሁለቱም ክንዶችዎ እንደ ልብ ወደ ላይ እየተነሱ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ።

ውለታ አልክድም። ፀጉር ሠሪዋ እናቴ የቀኝ ትከሻዋ መገጣጠሚያ አልቆ ማበጠሪያ ማንሳት ባቃታት ጊዜ ሰው ሠራሽ ትከሻ ተክላችሁላት፣ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ለዓመታት የሰፈሩን ሴት ሁሉ አስውባለች። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

አንደኛ፤ በመተላለፊያዎ ግድግዳ ላይ «ከአሥር ዓመት በኋላም እንደ አዲስ!» የሚል ማስታወቂያ ሰቅለዋል፤ እናቴም ከምስክሮቹ አንዷ መሆኗ በኩራት ተነግሮኛል። ያ ትከሻ ግን ከካቻምና ጀምሮ ላልቶ ይንቋቋል። እሷ የሰው ፀጉር መሥራቷ ቀርቶ፣ የራሷን የማበጥርላት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ ይህን ውጤት ያገኛችሁበትን ዘዴ ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። አንድ ትሑት ሠራተኛዎ ትከሻዋ ከአሥር ዓመት በኋላ እንዴት እንደሆነ ለመመዝገብ ደውሎ «እንዴት ነዎት እማማ፣ ደህና ነዎት?» አላት። እሷም ክንዷን ትራስ ላይ እንዳስደገፈች «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን! አንተስ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» አለችው። ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ። ለምን እውነቱን እንዳልነገረችው ብቆጣት፣ «ሰው አክብሮ ደህና ነሽ ወይ ሲልሽ በሽታሽን ትዘረግፊበታለሽ? እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?» ብላ እኔኑ ገሠጸችኝ። እናቴ ጨዋ ናት፤ የእናንተን ግን ምን ልበለው? «እስቲ ክንድዎን ያንሱ» ለማለት ስንት ዓመት መማር ያስፈልግ ይሆን?

ሦስተኛ፤ ቀጠሮ ልጠይቅ ብመጣ እንግዳ ተቀባዩ «የእናትሽ ውጤት እጅግ ጥሩ ስለሆነ ቀጠሮ አያስፈልጋቸውም» ብሎ ሸኘኝ። እውነቱን ነው፤ ውጤቷ ፍጹም ጤነኛ ነው። የታመመችው እናቴ ናት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከማስታወቂያው ዞር ብለው አንድ ጊዜ እንዲያዩዋት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የሚጠገን ከሆነ ይጠገን፤ የማይጠገን ከሆነም ቁርጡን እንወቅ። መቀሶቿን ለማንም አልሰጠችም፤ ዛሬም በግራ እጇ ትወለውላቸዋለች።

የእናቶችን ጨዋነት ወደ ሳይንስ ለለወጠው ክፍልዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ በመግለጽ፣

የፀጉር ሠሪዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ መልስ ሊሰጡኝ ሲደውሉ ደህና መሆኔን ይጠይቁኝ ይሆናል። የእናቴ ልጅ ነኝና «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እላለሁ። እባክዎ፣ እኔንም ግድግዳው ላይ እንዳይለጥፉኝ።