ስድስተኛው ትኬት

ጀርመን፣ ነሐሴ 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ላቀች፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል ብዬ ሳልጨርስ ጉዴን ልንገርሽ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ስልክ እንዳልደውልልሽ፣ አንቺ ካለሽበት ከዋጫ ያለው ስልክ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ገበያ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማሻል። ነገ ወደ አገር የሚገባ የሚዛን ከተማ ልጅ ስላገኘሁ ይህን ደብዳቤ በሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ሔርሜላ አወቀች። አዎ፣ እሱኑ ነው የምልሽ! አንቺ እንደወለድሻት አወቀች። ምስጢሩን ያወጣው ደግሞ ጠላት አይደለም፤ ተድላ ነው፣ የገዛ ባሌ፣ ያውም በባቡር ትኬት የተነሳ!

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

እንደምታውቂው ተድላ ከዞን ግብርና ተልኮ እዚህ መማር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ እኔና አራቱ ልጆች ክረምቱን ልናሳልፍ መጣንለት። ለፍልሰታ ሌላ ከተማ ያለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ተባለ። ታዲያ እዚህ አገር ባቡር መሳፈር ቦንጋ መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ ላይ እንደ መውጣት እንዳይመስልሽ። ለአንዱ መንገድ ስንትና ስንት ዓይነት ዋጋ አለው። ፈጣኑ ውድ ነው። ቀደም ብለሽ ከገዛሽው ይረክሳል፣ ግን ሰዓቱ ካመለጠሽ ገንዘብሽን ውሃ በላው። ቀርፋፋው ርካሽ ሆኖ መንገድ ላይ እየወረድሽ ሌላ ትሳፈሪያለሽ። ተድላን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ወረቀት ዘርግቶ ሲደምር ሲቀንስ ከርሞ አንዱን አገኘሁ አለ። በቀርፋፋዎቹ ባቡሮች ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ፣ ለአምስት ሰው አንድ ትኬት። እኛ ስድስት ነን እኮ ስለው ሳቀብኝ። "አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ከሆኑ የልጅ ብዛት አይቆጠርም" አለኝ። እንዲህም ያለ ደግ አገር አለ ብዬ መረቅኋቸው።

ትኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ ሴትዮዋ ፓስፖርቶቻችንን አገላበጠችና ግራ ገባት። በነሱ አገር ባልም ሚስትም ልጅም ባንድ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠሩት። እሱ ተድላ ገብረወልድ፣ እኔ ጽጌ ኢሳያስ፣ አራቱ ልጆች ደግሞ ተድላ፣ ተድላ፣ ተድላ፣ ተድላ። በሷ ቤት ከየመንገዱ የተለቃቀምን ነን! ተድላ ጀርመንኛው ገና ስለሆነ በእንግሊዝኛ የአገራችንን የስም ነገር አስረዳት፤ ገባትና ሳቀች። እኔም መሀል ገብቼ "እስቲ ትንሽ አስተያየት ታድርግልን በላት" ስለው፣ "ኧረ ጽጌ፣ ይሄ የሺሺንዳ ገበያ አይደለም!" ብሎ ኩም አደረገኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ትኬቱን ልታወጣልን እጇን ማሽኑ ላይ እንዳደረገች አንድ ነገር ጠየቀችው። ተድላም ቀስ ብሎ መለሰላት።

እኔ እኮ ምን እንደተባለ አልገባኝም! ያየሁት የትልቋን ልጄን የሔርሜላን ፊት ነው። በእንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ ናት እያልን ስንኮራባት የኖርነው ልጅ አመድ መሰለች።

"እማዬ፣ አባዬ ምን አለ መሰለሽ? ሦስቱ የወለድናቸው ናቸው፣ ትልቋ ግን የሚስቴ እህት ልጅ ናት አለ። እኔ የአክስቴ የላቀች ልጅ ነኝ እንዴ?"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ብክድም ዋጋ አልነበረውም፤ ፊቴን እያየች ነበር።

ያልወለዷት አትቆጠርም ተብሎ ተድላ ለስድስተኛ ሰው ሌላ ትኬት ቆረጠ። ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኩት።

"ምን ነካህ አንተ? አዎ ብትላት ሰማይ ይወድቅ ነበር?"

"ሁሉንም የወለዳችኋቸው እናንተ ናችሁ ወይ አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ፣ ጽጌ።"

"አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የዋሸኸውስ?"

"እሱ ውሸት አልነበረም። ልጄ ናት ስል ኖርኩ፤ ልጄ ናት። ማን ወለዳት ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን ዛሬ ገና መጣ።"

ልጅቷ እንግሊዝኛውን ትከተላለች ብሎ አላሰበም፣ ሞኝ! በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እንባው ሲመጣ ሳይ ተውኩት።

ያንን ትኬት እኔ ልያዘው ብዬ ብለምናት ሔርሜላ እምቢ አለች። "ትርፍ የሆንኩት እኔ አይደለሁ?" አለችኝ። ይህን ስትለኝ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ባቡሩ ውስጥ ከኛ ርቃ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ትንሿ እህቷ ሶሲ ምንም ስላልገባት ሄዳ ጭኗ ላይ ወጣች፤ አልገፋቻትም። ተመስገን ብዬ እኔም አጠገቧ ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። ልጅ አጥቼ ሰው መካን ሲለኝ፣ አንቺ ክርስትና ባስነሳሻት ማግስት አምጥተሽ እንደሰጠሽኝ። እሷን ባዘልኩ እግዜር ማህፀኔን እንደከፈተልኝ። እስክትዳር እንዳንነግራት መማማላችንን።

"ቦንጋ ሁሉ ያውቃል?"

"ትልልቆቹ ያውቃሉ።"

"ለዚያ ነው አክስቴ በየበዓሉ ቀሚስ የምታመጣልኝ?"

እማዬ ማለቷን አልተወችም፤ ግን ከመጥራቷ በፊት ትንሽ ትዘገያለች። ያቺ መዘግየት ልትገድለኝ ነው። ላቀችዬ፣ አልዋሽሽም፣ እንዳትወስጅብኝ እፈራለሁ።

ልንወርድ ስንል ሌላ ጠየቀችኝ። "ስትሰጥሽ አለቀሰች?"

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን አላውቅም። ያን ቀን ልጅቷን ብቻ ነበር የማየው። እንዴት ከቤቴ እንደወጣሽ፣ ማን እንደሸኘሽ፣ በምን ዋጫ እንደገባሽ እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።

ለእንቁጣጣሽ ቦንጋ እንገባለን፤ በማግስቱ ይዣት እመጣለሁ። ጥያቄዋን ላንቺው ታቅርብ፤ አንቺም እውነቱን ንገሪያት። እኔ አጠገባችሁ እቀመጣለሁ፤ አሁን እንኳ ፊትሽን ልየው።

እህትሽ ጽጌ