በፊልም ሞተሽ ጎባ ተለቀሰልሽ

ለእህቴ ለጂቱ፣

እንደምን ሰነብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የፓሪስ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽና ልጅሽ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬ ጉልበት ብቻ ከጎባ ብርድ ጋር እንደተጣላ ነው። እኔም እዚያው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነኝ፤ የሰው ስም ስጽፍ እውላለሁ።

በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ አፌን ስለሚይዘኝ ነው። እቅጩን ልንገርሽ፤ እቀናብሻለሁ። በትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ ንግሥቷም ሙሽራዋም እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ከመጋረጃ ጀርባ ወረቀት ይዘሽ የረሳሁትን ታስታውሺኝ ነበር። ነርስነት ልትማሪ ሄደሽ፣ በመጀመሪያው ፊልም ትሪ ይዘሽ ገብተሽ ወጣሽ፤ በአራተኛው ስምሽ ከሁሉ በላይ ተጻፈ። ዛሬ የፈረንሳይ ተዋናይት ነሽ፤ እኔ ደግሞ ካርድ ሊያወጣ የመጣው ሁሉ "የጂቱ እህት" የሚለኝ ሴት ነኝ። ፊልሞችሽን ግን አንድ ሳላስቀር ተደብቄ አይቻለሁ፤ ስህተት ፍለጋ። ጥቂት አግኝቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር እማዬ ደውላ ስታለቅስብሽ "ናፍቃሽ ነው" ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አክስታችን ሽቶ፣ አጋርፋ ከተማ ቤቷ ሆና፣ በጎረቤት ስልክ አንዲት ቁራጭ ቪዲዮ ታያለች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ ሬሳሽ ከወንዝ ሲወጣ። ፊልም መሆኑን የነገራት የለም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ ደውሎ ያጣራ አልነበረም። ሦስት ሽማግሌ አስከትላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ "ያ ጂቱ ኮ፣ ጂቱ የኔ" እያለች በማለዳ መጣች። ብዙም ሳይቆይ እድርተኛው ድንኳን ጣለ።

እኔ ፊልሙን አይቼዋለሁ። አክስቴ ገና "ነጭ ቀሚስ" ስትል ገባኝ። ልናገር ስል ሰዉ ስላንቺ ማውራት ጀመረ፤ ደግነትሽን፣ መልክሽን፣ አንደበትሽን። እስቲ ትንሽ ልስማ ብዬ ዝም አልኩ። በቁምሽ ቀንቼ አልበቃኝ ብሎ በለቅሶሽም ቀናሁ። እማዬ ደረቷን እየደቃች "ቤቴ ባዶ ቀረ" አለች። በብብቷ ይዤ የደገፍኳት እኔ ነበርኩ፤ አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት አብሬያት የኖርኩት። ከዚያ በኋላማ እልህ ያዘኝና ጭራሽ ዝም አልኩ። ፊቷን መቧጨር ስትጀምር ነው እጇን ይዤ "ፊልም ነው፤ ደውሉላት" ያልኩት። የጥፍሯ ምልክት ዛሬም ጉንጯ ላይ አለ።

ሁሉም ያኔ ድንገት የገባኝ ይመስላቸዋል። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ይቅር በይኝ እንዳልልሽ ቅናቱ ገና አልለቀቀኝም። ግን ካንቺ በቀር ለማን እናገራለሁ?

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጅሽን፣ ትንሿን ገላኔን፣ ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስቴ ሽቶ እስካሁን እንዳፈረች ናት፤ "በሚቀጥለው ፊልም እባክሽ አትሙቺ" ብላሻለች። እማዬ አንገትሽን አቅፋ ስማሻለች። ስትደውይላት፣ እንደ ዋዛ አድርገሽ፣ "እስከዳር ብትሞትስ ቤቱ ባዶ ይሆናል ወይ?" ብለሽ ጠይቂልኝ። እኔ መጠየቁን ፈራሁ።

እህትሽ እስከዳር
ጎባ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.