ባቄላና ሽምብራ

ሮም፣ ኅዳር 1970 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ዓለሙ፤ በሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ማርያም ትመስገን ደህና ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬም ታድሶልኛል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቤት ሥራ በምናርፍበት ቀን፣ የጽዋ ማኅበራችንን ሰብሳቢ መረጥን። እንደሚያውቁት፣ ለምንፈልጋት ባቄላ፣ ለማንፈልጋት ሽምብራ በተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ እንጥላለን። አምና ሰብሳቢ ለሆነችው ለአሰለፈች ማሰሮው በባቄላ ሞልቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ከአገር ቤት አዲስ የመጣ አንድ ጓድ፣ «የተደበቀ ምርጫ የአድኃሪ ነው፤ እጅ ይውጣ» አለን። ወዲያው አንዷ ወደ አሰለፈች እያየች፣ «ከቀጥቃጭ ልጅ እጅማ ጽዋ አልቀበልም፤ ቡዳ ናት» ብላ ተነሳች። አምና ባቄላ የጣሉት ሁሉ አቀረቀሩ። የእኔ እጅ ብቻዋን ቆመች። አሰለፈች የመጨረሻ ጽዋዋን ስትዘረጋም ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ምንም አልሆንኩም።

ጓዱ ጨዋ ሰው ነው። ስብሰባው ሲያበቃ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ስለ እርስዎ፣ ስለሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ቀበሌዎ እየሳቀ አጫወተኝ። እኔ ስምዎን ሳልነግረው ነበር የጠራዎት።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት ለሚመለሱት ለእማሆይ ስንዱ የሰጠሁት ከፖስታ ይልቅ ቶሎ ይደርሳል ብዬ ነው። መንዝ ያለችው አክስታችን አዝመራው ሳይበዛባት አይቀርም። እማሆይን ሸኝተው ሳያድሩ ቢሄዱላት ትደሰታለች። ጥቂት ወራትም ቢሰነብቱ ቤቷ ሰፊ ነው።

አምላክ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። መልስዎን ከእሷ ቤት ይጻፉልኝ።

እህትዎ ውባንቺ