ጉሎ የጠጣችው መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ጎማዎቹ አልዞር አሉ። ባለፈው ሳምንት የፍሬኑን ላስቲኮች በአዲስ ከቀየርን በኋላ ሁለት ቀን ደህና ሄዳ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሙሴ ያኒ፣ ዳቦ ጋጋሪው ግሪክ፣ ከኮልፌ ገበያ መኪናውን እያስገፋ አመጣት። እግሩን ከፔዳሉ ቢያነሳም ፍሬኑ አይለቅም። "ዳቦዬ ቀዘቀዘ፣ ጎማዬ ጋለ!" እያለ ጮኸ።

የዚህች መኪና ፍሬን በሽቦ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሠራው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ላስቲኮቹን ይገፋል። እንዲህ ያለ ነገር ጋራዣችን ገብቶ አያውቅም። "አውቃለሁ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ለቅዳሜ ከደረሰች ሙሴ ያኒ እስከ ጣሊያኖቹ ቢሮ አብሮኝ ሄዶ "መካኒኬ ነው" ይልልኛል፤ የሥራ ወረቀት አገኛለሁ። ካልደረሰች ወረቀት የለም። ወረቀት የሌለውን ጣሊያን ኬላው ላይ ይይዝና "ማነህ? የት ተማርክ?" ይላል። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ ወዲህ፣ የተማረ ሁሉ እየታደነ፣ ለዚህ ጥያቄ ደህና መልስ የለም።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ መኩሪያ ሰው ፊት "አንተ ማይም!" የሚሉኝ ለዚሁ ነው። ብቻችንን ስንሆን ደግሞ "ሊቁ" ይሉኛል። ሁለተኛው ይብስብኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ፈታናት። አዲሶቹ ላስቲኮች ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጠዋል። አብጠው ቦታቸው ላይ ተቀርቅረዋል፤ የማይለቀው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የላስቲኩ ሳይሆን የዘይቱ ነው። የፍሬኑ ዘይት ሲያልቅብኝ የሞተር ዘይት ሞላሁበት። ዘይት ዘይት ነው ብዬ!

ጋሼ መኩሪያ አልተቆጡም። "ሊቁ፣ ጠጅም ውሃም ፈሳሽ ነው። በቅሎህን ጠጅ ታጠጣታለህ?"

ያለን፦ አንድ ትርፍ የላስቲክ ስብስብ።
የሌለን፦ ትክክለኛው ዘይት። ከጅቡቲ እስኪመጣ ወር።
የቀረን፦ አራት ቀን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ባዶውን የፍሬን ዘይት ቆርቆሮ ከቆሻሻው ውስጥ አወጣሁት። ጽሑፉ ተፍቋል። ከሥሩ ጠብታ ቀርታለች። አሸተትኳት፤ የማውቀው ሽታ። በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግኳት።

አዳሪ ትምህርት ቤት። ሰልፍ። አስታማሚዋ ጠርሙስና ማንኪያ ይዛ። ሆድ ማጽጃ!

"ጋሼ፣ ጉሎ ነው! የጉሎ ዘይት፣ አልኮል የገባበት!"

"እና ለመኪናዋ ኮሶ ልትሰጣት ነው?"

ስቀው ሲጨርሱ ሳልለምናቸው ጉሎ ሊገዙ ሄዱ። እኔ ግን ዘንድሮ በራሴ ላይ እምነት የለኝም። ባለፈው ሳምንት ካወጣናቸው አሮጌ ላስቲኮች አንዱን ብርጭቆ ውስጥ ጉሎና አረቄ ቀላቅዬ ዘፈዘፍኩት። ይደር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

አላበጠም! በክር ለካሁት፣ ያው ነው።

አከራዬ እትዬ አስካለ አረቄ ያወጣሉ። ዳግም አረቄ፣ ኃይለኛውን፣ ለመንኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርከው?"

"ለመኪና ነው፣ እትዬ።"

"ለጉንፋን ነው የሚል አውቃለሁ። ለጥርስ ነው የሚልም አውቃለሁ። ለመኪና የሚል ሰካራም ዛሬ ገና አየሁ!" ሰጡኝ ግን።

የሞተር ዘይቱ ርዝራዥ እንዳይቀር ቱቦውን ሁሉ በአረቄ አጠብን። የመጨረሻዎቹን ላስቲኮች ገጠምን። ጉሎውንና አረቄውን በጠርሙስ ደህና አድርጌ በጥብጬ ሞላሁ። ጋራዡ እንደ ጠጅ ቤት ሸተተ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። እንደ ሊጥ። ትናንት አልለቅ ያለው ዛሬ አልይዝ አለ!

አየር ነው። ጋሼ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ጎማው ሥር ተጋድሜ ማስተንፈሻዋን ብሎን እከፍታለሁ። "ይርገጡ!" "ረገጥኩ!" "እንዳይለቁ!" አረፋ ይወጣል። ዘጋን፣ ደገምን። አረፋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አረፋ።

ከሰፈራችን ሁለት ሰዎች ዛሬ ኬላው ላይ ተያዙ። 

ከዚያ ጠርሙሱን አየሁት። እላዩ ላይ ነጭ አረፋ። የበጠበጥኩት እኔ ነኝ! አስታማሚዋ ጠርሙሱን ሳትነቀንቅ አትሰጠንም ነበር፤ እኔም እንደሷ። አየሩን ከዘይቱ ጋር አብሬ ነው የሞላሁት። ከመኪናዋ ሁሉን አፍስሰን በጠርሙሱ የቀረውን እንዲረጋ ተውነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ጥርት ብሎ አደረ። ቀስ ብዬ በጠርሙሱ ግድግዳ አንሸራትቼ ሞላሁ። ሩቅ ካለው ጎማ ጀምረን አስተነፈስን። ፔዳሉ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። እግሬን ሳነሳ ተመለሰ። ጎማው በእጅ ይዞራል።

የቄራንዮን ቁልቁለት ሙሴ ያኒ ራሱ ነዳ። እኔ አጠገቡ። እንጨት የጫነች አህያ መሐል መንገድ ገባች። ረገጠ። ቆመች። አህያዋ ዞር ብላም አላየችን።

ቢሮው ውስጥ ሙሴ ያኒ "መካኒኬ ነው" ካለ በኋላ አስተርጓሚው "መፈረም ይችላል?" አለ።

"ይሄ ማይም?" አሉ አብረውን የመጡት ጋሼ መኩሪያ። "ብዕር ብትሰጠው ብሎን ይፈታበታል!"

የቀለሙን ሳህን ሲያቀርብልኝ ጋሼ ጣቴን አሳዩት። ቀለም አላስፈለገም። አውራ ጣቴን በሞተር ዘይት እንደ ጠቆረ ወረቀቱ ላይ ጫንኩ። በፈረንሳይኛ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁት እኔ! ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያጨሰ ነው። ያበጡትን ላስቲኮች እሳቱ ውስጥ ጣልኩ። "በሽታውስ ይሂድ፤ እኛንም አብረህ ልታባርረን ነው?" አሉ እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን ይዘው።

ይህን ደብተርም ለእሳቱ ይዤው ወጥቼ ነበር። ማይም ደብተር የለውማ። ግን ይዤው ተመለስኩ፤ አሮጌው ጎማ ውስጥ፣ መደበቂያው ቦታ ከማስቀመጤ በፊት ይህን እየጻፍኩ ነው።

ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ናት። ከቁልቁለቱ በኩል የሙሴ ያኒ መኪና ስትወርድ ትሰማኛለች። መታጠፊያው ጋ ደረሰች። ፍሬኑን ረገጠ።

ቆመች።