ጃም የሆነ መኪና ይቁም ወይስ ይሂድ?

ሰይዴ ሆዴ፣

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለያየን እነሆ አራተኛው ረመዳን አለፈ፤ ዒዱንም ያላንተ ዋልነው። የሞተ ሰው ደብዳቤ አያነብም እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ከማንም ጋር ደህና አድርጌ ተከራክሬ አላውቅም። ባሏ የሞተባትን ሴት ሰው ያዝንላታል እንጂ አይከራከራትም። ያልኩትን ሁሉ «ልክ ነሽ» እያሉ አሰለቹኝ። ከአንተ ጋር ጀምረን ሳንጨርሰው የቀረው ክርክር አለ አይደል? እሱን ፍረጂ ብለውኝ ጨንቆኝ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ነጃት ነርስ ሆና ጎብዬ ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ ቅዳሜ ማታ መጥታ ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ትመለሳለች። አፍንጫዋ ያንተ፣ ግትርነቷም ያንተ ነው፤ ከእኔ የወረሰችው ነገር ቢኖር ምላሴን ነው። የተከልከው ኒም ጣሪያውን አልፎ ሄዷል። በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር መስፋት ሲከብደኝ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናዬን አውጥቼ እሱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ደንበኞቼም እዚያው ይመጣሉ። ጎርፉ ያነካከተውን አይሱዙህን አንድ የዋጃ ሰው ገዝቶ አስጠገነው። በደጃችን ሲያልፍ ክላክሱን ለይቼ አውቀዋለሁ። አጠገቤ ሰው ካለ ክር እንደምቆርጥ ሆኜ አጎነብሳለሁ።

ካሳም፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ወዳጅህ፣ ሸብቷል። ሽምብራ ቆሎውን ግን አልተወም፤ ጥርሴን አመመኝ እያለ ይቆረጥመዋል። ያንን ጨዋታ ያመጣብን እሱ አይደል? ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ዳይስ የሚባሉ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ባለብዙ ፊት መጣያ ጠጠሮች ትቶለት ሄደ። ካሳ ሲያነብ ከርሞ አንድ እሁድ ከሰዓት መጣና አስረዳን። እሱ ተራኪ ይሆናል፤ እኛ በተረቱ ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነን እዚህ እሄዳለሁ፣ ይህን አደርጋለሁ እንላለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። ትልልቅ ሰዎች እቃቃ ሊጫወቱ ነው ብዬ የሳቅሁትን ታስታውሳለህ? በሁለተኛው እሁድ ግን ጠረጴዛውን ጠርጌ ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ተሽከርካሪዎች መድፍ የተሸከሙ፣ ገና ወደፊት የሚሠሩ ነበሩ። አንተ የማላውቀውን መኪና አልነዳም ብለህ ሁሉንም አይሱዙ አደረግካቸው። የለስላሳ ቆርኪ መኪና ሆነልን፤ ከዋጃ ማሽላ ጭነን ሽፍታ ባለበት ቆላ እናሳልፍ ነበር። አንተ ሹፌር ነበርክ፣ ነጃት ረዳትህ። እኔ ደግሞ ኮረብታ ላይ ሆኜ መንገዱን እያየሁ በሬዲዮ የምነግርህ ጠባቂ ነበርኩ።

ጣጣው የመጣው «ጃም» ከሚለው ቃል ነው። ጠላት አንድ ማሽን አለው፤ ዳይሱ ከወጣለት መኪናህን ጃም ያደርገዋል ይል ነበር ሕጉ፣ ካሳ እንዳነበበልን። መዝገበ ቃላቱን ሲከፍት መጀመሪያ ያገኘው ማርማላታ ነበር፤ ነጃት በሳቅ ሞተች። አንተ ግን ቆይ፣ ቆይ፣ ይህማ የጋራዥ ቃል ነው፣ ካምቢዮ ሲነክስ ጃም አደረገ አይደል እንዴ የሚሉት ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። በዚህ ምክንያት እኛ ቤት ጃም የሆነ መኪና ይቆም ነበር። ቆርኪው ይገለበጣል፤ ሹፌሩ ወርዶ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አንተም ተራህ እስኪመለስ ጫትህን ታመቻቻለህ። ዓመታት እንዲህ ተጫወትን። ያንን ሕግ እንደዚያ የተጫወተ ከእኛ ከቆቦ ውጭ ያለ አይመስለኝም።

ካሳ አንድ ክረምት መጽሐፉን ደግሞ ሲያነብ ስህተታችንን አገኘው። ለካ የሚታፈነው መኪናው ሳይሆን ሬዲዮው ኖሯል። ሞተሩም ጎማውም ደህና ነው፤ የሚቋረጠው ወሬው ብቻ ነው። አንተ በዚህ ተናደድክ። ሬዲዮው ቢታፈን መኪናው ምን ሆነ? አባቴ ከአሰብ እቃ ሲያመላልስ የኖረው በዓይኑ እንጂ በሬዲዮ አይደለም፤ ይህ ለአውሮፕላን ይሆናል፣ ለመኪና ትርጉም የለውም፣ ይሰረዝ አልክ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተቃወምኩህ ለመቃወም ያህል ነው። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ድሮም ሬዲዮ የሌለው ሰው እና ሬዲዮ የለመደ ሰው እኩል አይደሉም አልኩህ። የሌለው ወርዶ ያያል፣ ይጠይቃል። የለመደው ግን ዝም ሲባል ሰላም ነው ብሎ ይሄዳል፤ የታፈነ ሬዲዮና ክፉ ወሬ የሌለው ሬዲዮ ዝምታቸው አንድ ነውና። አንተም፣ ሴትዮ፣ ታዲያ ዓይን የተፈጠረው ለምንድን ነው አልከኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተረትኩብህ። ካሳ መጽሐፉን በሁለት እጄ የያዝኩት እኔ መሆኔን ሲያሳየኝ ሦስታችንም ሳቅን። ከሮቢት ሽንኩርቱን ጭነህ ስትመለስ እንጨርሰዋለን ተባባልን።

እዚያ ከሮቢት በታች ያለው የቆላ መንገድ አሸዋማውን ደረቅ ወንዝ ሲያቋርጥ ድሮ እንዴት ታደርጉ እንደነበር የነገርከኝ አንተው ነህ። ሞባይል ሳይመጣ፣ ጠብታ ውሃ ባይኖርም እንኳ ሞተር አጥፍታችሁ ትወርዱ ነበር። ጆሮ ትሰጣላችሁ፤ ከብት ይዞ ከላይ የሚመጣ ሰው ካለ ደጋው ጠቁሯል ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በእኛ አገር ሰማይ ጥርት እንዳለ ደራሽ ጎርፍ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ ዝናቡ ደጋ ይዘንባል፣ ሰው የሚወስደው ቆላ ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ከተራራው ሥር ያለው ወንድሜ አሊ ለእኔ ይደውላል፣ እኔ ለአንተ እደውላለሁ፣ አንተም መውረዱን ተውከው። ዘሃራ ካልደወለች መንገዱ ደህና ነው ትላቸው ነበር ጓደኞችህን። ይህን ሲነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን አሊ ደወለ። ወንዙ ወርዷል፣ ደራሹ ትልቅ ነው፣ ብሎኝ ተቆረጠ። ደወልኩልህ፤ ያቺ የስልኩ ሴትዮ አይገኙም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ የእሷም ድምፅ ጠፋ፤ መብራት ሄዶ ነበር፣ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ይከተለዋል። መቀሴን እንደያዝኩ መናኸሪያ ሮጬ ባጃጅ ለመንኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ ራሱን ይዞ ነበር። አንተን በማግስቱ አገኙህ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አሸዋ ሲቆፍር ውሎ። ካሳ ከጉድጓዱ ሲወጣ እጁ ደምቶ ነበር።

ከአንተ ኋላ የነበረው ሹፌር ለለቅሶ መጥቶ ነገረኝ። አሸዋው ደረቅ ነበር አለኝ፤ ሰማዩም ብራ። ስልክህን አውጥተህ አየት አድርገህ መልሰህ ኪስህ ከተህ ገባህ። ዓይንህ ያሳየህ ነገር ሁሉ እውነት ነበር፣ ሰይዴ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

መጽሐፉ ካሳ ቤት ተዘግቶ ቆየ። ባለፈው ወር ነጃት እንደገና እንጫወት፣ የአባዬን መኪና እኔ እነዳለሁ አለች። ካሳ ደስ አለው፤ ነገር ግን ያንን ሕግ ፈራው። እናቆየው ወይስ እንሰርዘው፣ ክርክሩ የአንቺና የእሱ ነበረ፣ ፍርዱም ያንቺ ነው አለኝ። አየህ ምን ላይ እንደጣሉኝ? ትርጉም አለው ብል አንተን በሞትህ ረታሁህ ማለት ነው። የትኛዋ ሚስት ናት በባሏ መቃብር ላይ ቆማ አላልኩህም የምትል? ትርጉም የለውም ብዬ ብሰርዘው ደግሞ ያንን ቀን አልነበረም እንደማለት ይሆንብኛል። ነጃት እኔን እያየች ያደገች ናት፤ አባቷ በምን እንደሞተ በጨዋታ እንኳ ልዋሻት አልፈልግም።

አንዳንዴ የድሮው ስህተታችን ይሻል ነበር እላለሁ። ጃም ሲሆን መኪናው ነክሶ ይቁም፣ ሹፌሩም ወርዶ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ምናለ እንዲያ ቢሆን? ተቆጥቼብህም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ወርደህ ጆሮ ብትሰጥ ምን ነበረበት? አስር ዓመት የነዳህበት ወንዝ አይደለም እንዴ? ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ይጨንቀኝና ተነስቼ ዉዱእ አድርጌ እሰግዳለሁ።

በመጨረሻ ሕጉ ይቆይ አልኳቸው። ካሳ ታዲያ መጽሐፉ የሚለውን አነበበልን፤ መኪናው ይሄዳል፣ ጠባቂዋ ግን ያየችውን ለሹፌሩ መንገር አትችልም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እንዴት ነው የማልነግራት አልኩ። ዝም ትያለሽ፣ ሕጉ ይኸው ነው አለኝ፤ ይህን ሲለኝ ፊቴን አላየኝም። ያኔ ነው የገባኝ። አንተና እኔ ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅ ስለ መኪናው ነበር፤ ሕጉ ግን ለመኪናው የወጣ አይደለም። እያየች መናገር ላቃታት ሴት የወጣ ነው።

ባለፈው እሁድ ኒሙ ሥር ተቀምጠን ተጫወትን። ካሳ አስቦልኝ ወንዝ የሚባል ነገር ከተረቱ አውጥቶ፣ ሽፍቶች ከመታጠፊያው ጀርባ አድፍጠዋል ብሎ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ነገረኝ። ዳይሱ ተጣለ፤ ሬዲዮው ታፈነ። ነጃት ቆርኪውን በጣቷ እየገፋች መጣች። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ልክ አንተ እንደምታደርገው በከንፈሯ ሞተር እያሰማች፣ መንገዱ ክፍት ነው እሄዳለሁ አለች። እኔ ፈራጇ የሻርፔን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነክሼ ያዝኩ። ካሳ መሬት መሬት ያያል። ቆርኪው መታጠፊያው ጋ ደረሰ።

«ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ በአጥር ብቅ አለ። ካሳ ሕግ ፈረሰ አላለኝም። ነጃት ጣቷን ከቆርኪው ላይ አንስታ፣ ዞራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ እሺ እማ፣ ቆሜያለሁ አለችኝ። የዚያን ቀን ጨዋታው እዚያው ቀረ፤ ብዙ አለቀስን።

እና ፍርዴ ይኸውልህ፣ ሆዴ። ሕጉ ትክክል ነው፤ ተረትተሃል፤ ቅር እንዳይልህ። እኔ ግን አልጠብቀውም፤ ልጠብቀውም አልችልም። አንተን መርሳት ለእኔ ዝም ማለት ነው፣ ዝም አልልም። ዱዓ ባደረግኩልህ ቁጥር፣ ደጋው ጠቁሮ ባየሁ ቁጥር፣ ያቺን ያልደረሰችህን ቃል ዛሬም ነገም እነግርሃለሁ። ሰይዴ፣ ወንዙ ወርዷል። ቁም።

ዘሃራህ